«እንጨቱ የት ይሄዳል?»

(ደሴ ላይ ለቅሬ (በወሎ ለእድር) ዳኞች፣ ለደን ጠባቂዎች፣ ለአናጢዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረው የቀረበ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ሼኾቻችንና ቀሳውስቶቻችን፣ የቅሬ ዳኞች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ? ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ፣ ከቃሉም የመጣችሁ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ሌሊት ተነሥታችሁ በእግር እንደመጣችሁ ሰምቻለሁ። ፈጣሪ የድካማችሁን ዋጋ ይክፈላችሁ።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኳቸውን ሁለት የእንጨት ቁራጮች ተመልከቱልኝ። ከኋላ ያላችሁ እንድታዩአቸው ከፍ ላድርጋቸው። ሁለቱም የፈረንጅ ጥድ ናቸው። ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ወጥተው፣ በአንድ ክረምት፣ በአንድ ተራራ ላይ ተተከሉ። ይህኛውን በአንድ እጄ ጨብጬ እይዘዋለሁ። ያኛውን ግን አቅፌ ነው ያመጣሁት። እኩያሞች ናቸው ብላችሁ ታምናላችሁ?

የቀጭኑን ፊት ቀርባችሁ ብታዩት ከመሀሉ ያሉት ቀለበቶች ሰፋ ሰፋ ያሉ ናቸው። ጥፍራችሁን ወደ ቅርፊቱ ስታስኬዱ ግን ቀለበቶቹ እንደ ጥለት ክር ይቀጥናሉ፤ ከዚያ ይጣበቁና መለየት ያቅታል። ዛፉ ትንፋሽ ያጠረው እዚያ ላይ ነው። የወፍራሙ ጎረቤቶች በጊዜ ተነሥተውለታል፤ የቀጭኑን ጎረቤቶች የነካቸው የለም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛው፣ ደን ይሳሳ፣ ማለትም ከተጠጋጉት ዛፎች ከፊሉ ተቆርጦ ለቀረው ቦታ ይለቀቅ ሲባል ሕዝባችን ለምን ይደነግጣል? ሁለተኛው፣ ከማሳሳቱ የሚወጣው እንጨት፣ ከመሰንጠቂያና ከአናጢ ቤት የሚወድቀው ሰጋቱራና ፍቅፋቂ ለማገዶ እንዴት ይዋል? ሦስተኛው፣ መጥረቢያ ፈጽሞ ሊደርስበት የማይገባው ቦታ የትኛው ነው? የመጀመሪያው ላይ እቆያለሁ፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና።

ማሳሳት ምን እንደሆነ የቃሉና የሐብሩ ገበሬ ከእኔ አይማርም። ማሽላ ስትዘሩ በርከት አድርጋችሁ ትበትናላችሁ። ዝናቡ አይታመንም፤ ከፊሉን ወፍ ይለቅመዋል፣ ከፊሉ ሳይበቅል ይቀራል። ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ ግን በሬ ጠምዳችሁ በመሀሉ ማረሻ ታስገባላችሁ። ሽልሻሎ! የሚነቀለው ይነቀላል፤ የቀረው ሥሩ አፈር ይለብሳል፣ ውሃው ይሰርግለታል። የተነቀለውስ የት ይሄዳል? ለላሟ ይሰጣል። «ማሽላው ተጨፈጨፈ!» ብሎ የሚጮኽ ጎረቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ማሳው የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ላሟም የማን እንደሆነች ትታወቃለች።

ዛፍም እንዲሁ ነው። በ2 ሜትር በ2 ሜትር ከተከልን በአንድ ሄክታር ላይ 2,500 ዛፍ ይቆማል። እነዚህ ሁሉ ጣውላ እስኪሆኑ አብረው ማደግ አይችሉም። ለብርሃንና ለውሃ ሲሻሙ ወደ ላይ ይመዘዛሉ እንጂ አይወፍሩም። ከሥራቸው ጨለማ ስለሚሆን ሣር አይበቅልም፤ ተዳፋት ላይ ሣር ከሌለ ደግሞ ክረምቱ አፈሩን ጠርጎት ይወርዳል። በበጋ እሳት የተነሣ እንደሆነ የደረቁት የታች ቅርንጫፎች መሰላል ሆነው ነበልባሉን እስከ ጫፍ ያወጡታል። ባሕር ዛፍ በ1 ሜትር በ1 ሜትር የሚተክል ገበሬም አለ፤ 10,000 ዛፍ በአንድ ሄክታር ማለት ነው። አጣናና ማገር ለሚፈልግ ሰው ይህ ትክክለኛ ስሌት ነው፤ አልነቅፈውም። እሱም ቢሆን ከቆረጠ በኋላ ከጉቶው የሚፈላውን ቀንበጥ ሁሉ አያሳድግም። ሁለት ሦስቱን አስቀርቶ ሌላውን ይመለምላል።

ታዲያ በማሳችንና በጓሯችን የምንሠራው ሥራ ተራራው ላይ ሲደርስ ለምን ያስፈራናል? «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ስሕተት ነው እላለሁ። ሕዝቡ ግንዛቤ አላነሰውም። ሕዝቡ ትዝታ አለው።

በ1977 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስለዚያ ዓመት ለወሎ ሰው አልተርክም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት እናቴ ተራራ ላይ ጉድጓድ ትቆፍር፣ ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ትሸከም ነበር። የቀን ክፍያዋ 3 ኪሎ ስንዴና ጥቂት ዘይት ነው። እኛን ያሳደገን ያ ስንዴ ነው። የተከለችው ዛፍ የማን እንደሆነ ግን የነገራት አልነበረም። «የመንግሥት ደን» ይባላል፤ በቃ። ጠባቂ ቆመበት፤ ፍየላችን ስትገባበት ተቀጣን።

ግንቦት 1983 መንግሥት ተለወጠ። ጠባቂው ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያ ሳምንት ከመንደራችን መጥረቢያ ሳይዝ የወጣ ወንድ አልነበረም። አባቴም ወጣ። እናቴ የተከለችውን ዛፍ አባቴ ቆረጠው፤ ተሸክሜ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬ 15 ነበር። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ አየችን፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። አባቴ ሌባ አልነበረም፤ የሰው እሸት ነክቶ አያውቅም። «ባለቤት የሌለውን ነገር ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል፤ እኔ ብተወው ጎረቤቴ አይተወውም» አለን። ያ ግንድ ዛሬም ቤታችን ውስጥ ምሰሶ ሆኖ ቆሟል። ጭስ አጥቁሮታል። በሄድኩ ቁጥር እጄን አሳርፍበታለሁ።

እዚህ ከተቀመጡት አባቶች መካከል ይህ ታሪክ የራሱም የሆነ ስንቱ ነው? አንገታችሁን ስትነቀንቁ አያለሁ። የወሎ ተራራ በአንድ ትውልድ ሁለት ጊዜ ተራቁቷል፤ አንድ ጊዜ ተክለነው፣ መልሰን እኛው ቆርጠነዋል። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ባለሙያ መጥረቢያ ይዞ መጥቶ «ለደኑ ጥቅም ነው» ሲለው ምን ይታየዋል? 1983 ነው የሚታየው። ቢደነግጥ ይፈረድበታል?

አንድ ሌላ ታሪክ ልንገራችሁ። ወንዶ ገነት የደን ትምህርት ተምሬ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት በኋላ የሆነ ነው። አንድ የፈረንጅ ጥድ ደን እንዲሳሳ ታዝዞ ምልክት የማድረጉ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። የቀይ ቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ይዤ ከዛፍ ዛፍ እሄዳለሁ። የተጣመመውን፣ ጫፉ የተሰበረውን፣ በጎረቤቱ የተዋጠውን እየመረጥኩ እቀባለሁ። የሠለጠንኩበት ሥራ ስለነበረ ደስ እያለኝ ነው የምሠራው። አንዲት እናት የጭራሮ ሸክማቸውን አውርደው ቆሙና ያዩኝ ጀመር።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ቀይ ቀለም ምንድን ነው?»

«እማማ፣ ደኑን ልናሳሳው ነው። ምልክት ያለበት ይቆረጣል፣ የቀረው ይወፍራል።»

«ከተማ ውስጥ እንዲህ ቀይ የተቀባ ቤት አይቼ ነበር። በሳምንቱ አፈረሱት።»

«ይህ ማፍረስ አይደለም፣ እማማ። ለደኑ ለራሱ ነው።»

«ይሁን ልጄ። እንጨቱ የት ይሄዳል?»

ስለ ብርሃን ቢጠይቁኝ እመልስ ነበር። ስለ ርቀት፣ ስለ ዕድገት፣ ስለ ተባይ ቢጠይቁኝ እመልስ ነበር። ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። «መሥሪያ ቤቱ ያውቃል» አልኳቸው። ሸክማቸውን አዝለው ሄዱ።

ከሁለት ወር በኋላ የተቆረጠው እንጨት መንገድ ዳር ተከምሮ ነበር። አንድ ማታ የጭነት መኪና መጣ፤ ጠዋት ክምሩ የለም። ማን እንደገዛው፣ ስንት እንደተሸጠ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ለመንደሩ የነገረ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዓመት ሳይሞላ ያልቀባናቸው ዛፎች፣ ይወፍራሉ ብለን ያስቀረናቸው ዛፎች፣ በሌሊት ይቆረጡ ጀመር። ማን ቆረጣቸው? መንደሩ ቆረጣቸው። ለምን? አባቴ የነገረኝን እናንተም አሁን ሰምታችሁታል።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ምዕራብ፣ ደረቅ በሆነው አገር፣ ሰፊ የፓይን ደን አለ። ያ ደን ድሮ ትንንሽ እሳት በየጊዜው እያለፈበት ከሥሩ ይጸዳ ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. የደን መሥሪያ ቤታቸው አንድ መመሪያ አወጣ፤ የትም የታየ እሳት በማግስቱ በእነሱ ረፋድ 10 ሰዓት፣ በእኛ 4 ሰዓት ሳይሞላ ይጥፋ አለ። ለአሥርት ዓመታት እሳት ሲጠፋ፣ ሲጠፋ፣ ሲጠፋ ደኑ እንደ ጠጉር ጥቅጥቅ አለ። ከዚያ በኋላ የሚነሣው እሳት የማይገታ ሆነ። በ2011 እ.ኤ.አ. አሪዞና ውስጥ የተነሣው የዋሎው ቃጠሎ ብቻውን ከ200,000 ሄክታር በላይ በላ።

ይሳሳ ሲባል ታዲያ እዚያም ብዙ ሰው ተቃወመ። «ማሳሳት የምትሉት ለጣውላ ነጋዴ ዛፍ መስጫ ሰበብ ነው» አሉ። የሕዝቡን አስተያየት ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር አለ፦ ሰው ማሳሳትን የሚቀበለው ሥራውን የሚሠራውን ክፍል ሲያምነው ነው። የተማረ አገር ነው፣ ሀብታም አገር ነው፤ ጥያቄው ግን የእኚያ እናት ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር ግን ይለየናል። እዚያ ቀጭኑን እንጨት የሚገዛው ስለሚጠፋ ብዙ ቦታ ሜዳ ላይ ይከመርና በረዶ ሲጥል በእሳት ይለቀቃል። ማንም ሳይሞቀው፣ ማንም ሳይበስልበት ይነዳል። ይህን ለአንዲት የወሎ እናት ብነግራት ታምነኛለች? ስኖውፍሌክ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለ የኃይል ማመንጫ ከዚያ እንጨት የተወሰነውን እያነደደ መብራት ሲያመነጭበት ቆይቷል፤ አብዛኛው ግን ገዢ የለውም። በእኛ ተራራ አንዲት ጭራሮ እንኳ መሬት ላይ አታድርም። እኛ ጋ የሚጠፋው የእንጨቱ ባለቤት ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደን ባለቤትነትን በሕግ አውቋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር ወደ ተራራው ይውጣ! ቀለም ከመቀባቱ በፊት የቅሬው ሰው ይጠራ። ስንት ዛፍ ይቆረጣል? ማን ይገዛዋል? ስንቱ ይሸጣል፣ ስንቱ ለመንደሩ ይቀራል? ተጽፎ ጮክ ብሎ ይነበብ። ተቆርጦ ሲያልቅ ሽማግሌዎች ከባለሙያው ጋር ወጥተው ጉቶውን ይቁጠሩ። ቀይ ቀለሙም ከግንዱ ብቻ ሳይሆን ከሥሩም ይቀባ፤ ግንዱ ሲሄድ ምልክቱ ጉቶው ላይ ይቀራል። ቀለም የሌለው ጉቶ የተገኘ እንደሆነ ያ ዛፍ ተሰርቋል ማለት ነው። ለምን ቅሬ አልኩ? ቅሬ የአንድ ድንኳን ካስማ ስትጠፋ ስብሰባ የሚጠራ ተቋም ስለሆነ ነው። ሒሳብ አያያዙን ሕዝቡ ያውቀዋል፤ ያምነዋል።

(ጭብጨባ)

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። በአገራችን ቤተሰብ ከሚጠቀምበት ኃይል 90 በመቶ ገደማው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከእርሻ ተረፈ ምርት የሚገኝ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ደርሶ መብራት በጠፋ ጊዜ ከተሜውም ወደ ጉልቻ ተመልሷል። በዚያ ወቅት ስንት ዛፍ እንደወደቀ ሁላችንም አይተናል። እንግዲህ ማገዶ የማይቀር ከሆነ የትኛው ማገዶ ይሁን ነው ጥያቄው።

ደሴ ውስጥ በአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ አጠገብ የምትኖር አንዲት እህት አለች። ሰጋቱራው በየቀኑ ይከመራል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይዞት ወደ ቦርከና ይወርዳል፣ በጋ ላይ ደግሞ ሲጋራ ይወረወርበትና ውስጥ ለውስጥ እየጨሰ ሰፈሩን ሲያስል ይሰነብታል። ይህች እህት ምን አደረገች መሰላችሁ? ባዶ የቀለም ባልዲ ወሰደች፤ ቆርቆሮውን። ከታች በጎኑ በኩል በቡና ሲኒ አፍ ልክ በሳችው። መሀሉ ላይ ጠርሙስ አቆመች፤ በጎኑ ቀዳዳ አጭር ዱላ አስገብታ ጫፉን ከጠርሙሱ ሥር አስነካችው። ከዚያ ደረቅ ሰጋቱራ ዙሪያውን እየጨመረች በዘነዘና ጠቀጠቀችው። እስከ አፉ ሲሞላ ጠርሙሱን ቀስ ብላ እያሽከረከረች ነቀለችው፤ ዱላውንም ሳበችው። መሀሉ ላይ የጠርሙሱ ልክ ጉድጓድ ቀረ፤ ግድግዳው ምንም አልፈረሰም። በጎኑ በኩል አንዲት ጭራሮ ለኩሳ አስገባች።

እኔ ያን ቀን እዚያ ተቀምጬ ነበር። እሳቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ግድግዳውን ቀስ እያለ እየበላ ነደደ። እፍ ያለችበት ጊዜ የለም። ቡና ተፈላ፣ ሦስቱም ተጠጣ፤ ሽሮው ተሠራ፤ የልጆቹ ገላ መታጠቢያ ውሃ ሞቀ። ስወጣ ገና ፍም ነበረው። ነዳጁ የተጣለ ሰጋቱራ ነው!

ግን ሁለት ነገር አደራ። ሰጋቱራውም ሆነ እንጨቱ ይድረቅ። አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ እሱን ስታነዱ መጀመሪያ የምታፈሉት የእንጨቱን ውሃ ነው፤ የዓይናችሁ እንባም ከዚያ የሚመጣ ነው። ከማሳሳት የወጣውን ፈልጣችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ አንድ በጋ አቆዩት። ሁለተኛው ለአናጢዎች ነው። በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራው የቺፑድና የኤምዲኤፍ ሰሌዳ ብናኝ፣ ቀለም ወይም ሙጫ ያለበት ቁራጭ ምድጃ ውስጥ አይግባ፤ ጭሱ መርዝ አለው። የንጹሑን እንጨት ሰጋቱራ ለብቻው በጆንያ አኑሩት። ሰጋቱራ እንደ ቆሻሻ ሳይሆን እንደ ዕቃ ቢቆጠር በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋ ያወጣል ብዬ አምናለሁ።

እንጀራ ለመጋገር ደግሞ «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከማሳሳት የወጣውን እንጨት ከሰል እናድርገው የሚሉም አሉ። በአፈር ተሸፍኖ ሲከሰል ከ100 ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ነው፤ ሌላው በጭስ ይሄዳል። ለመሸጥ ካልሆነ በቀር እንጨቱን እንጨት ሆኖ ማንደድ ይሻላል። እያንዳንዷ የዳነች ኩበት ደግሞ ወደ ማሳ ትመለስ። ገብሳችሁ የሚጠይቃችሁ ኩበቱን ነው።

ስለ ትልልቅ ፋብሪካም የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። ፍላጎታቸውን እወደዋለሁ፤ ግን ልብ በሉ። እንግሊዝ አገር ድራክስ የሚባል ግዙፍ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ወደ እንጨት ዞሯል። ዛሬ የሚያነደውን የተጨመቀ እንጨት በብዛት የሚያመጣው ውቅያኖስ ተሻግሮ ከአሜሪካና ከካናዳ ነው፤ በዚህም ብርቱ ክርክር ተነሥቶበታል። ሆዱ የሰፋ ምድጃ ከሠራን ተረፈ እንጨት አይበቃውም፤ የቆመውን ዛፍ ይጠራል። ለእኛ የሚመጥነን የዳቦ ቤት ምድጃ፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት፣ የሰፈር የሰጋቱራ ምድጃ ነው። ከእሱ እንጀምር።

ሦስተኛው አጭር ነው፤ ግን አደራ አትርሱት። እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ በእጃችን ስለተከልነው ደን ነው። ስለ ተፈጥሮ ደን አንድም ቃል አልተናገርኩም! የጎፍ ተራራ ላይ ያለው የሐበሻ ጥድና ወይራ፣ ቦረና ሳይንት ያለው «ደንቆሮ» የሚባለው ደን፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየመስጊዱ ዙሪያ የቆመው ዛፍ አይሳሳም። እዚያ የወደቀው ግንድ እንኳ ይተው፤ በውስጡ የሚኖር ብዙ ነፍስ አለ። በተከልነውም ደን ቢሆን ቅጠሉና የረገፈው ነገር አፈሩ ላይ ይቅር። የዛፉ ፍግ ያለው ቅጠሉና ቀንበጡ ውስጥ ነው፤ ከተዳፋት ላይ ቅጠል ጠርገን በወሰድን ቁጥር አፈሩን እርቃኑን ለክረምት እንሰጠዋለን።

ይህን ስል እናቶችን ጭራሮና ቅጠል አትልቀሙ ማለቴ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀላል ነገር አልተናገርኩም። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ፣ ጀርባዋ ተልጦ፣ አንዲት ሸክም ይዛ የምትመለስን ሴት ባዶ እጅሽን ግቢ የማለት አፍ የለኝም። ስለዚህ የማሳሳቱ እንጨት ሲከፋፈል የመጀመሪያው ድርሻ ለእነሱ ይሁን። ከሽያጩ በፊት፣ ከኮሚቴው በፊት፣ ከእኛ ከባለሙያዎቹም በፊት። ፈልጣችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በየደጃፋቸው አድርሱላቸው። ከዚያ በኋላ ቅጠሉን ተዉልን ብንላቸው ቃላችን ክብደት ይኖረዋል።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። ቁራጮቹን ወደ ኋላ ላሳልፋቸው፤ ዳስሷቸው፣ ቀለበቱን በጥፍራችሁ ተከተሉት። እጅ ያወጣችሁ ወንድሞች ጥቂት ታገሡኝ። እዚያ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት እናቶች ይቅደሙ። እርስዎ፣ ነጠላ የደረቡት እናቴ፤ ድምፅ ማጉያውን ስጧቸው።